የወረቀት ወፏን አትናቋት፦ «የእስያ ባህል ለሐበሻ ልጅ ምኑ ነው?» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «ይሄ አንቺን የሚመለከት ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደ እኔው ሲያትል የሚኖሩ ያገራችን ሰው ናቸው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት የወረቀት ወፍ አጥፋ ይዛ ገባች። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች» አለቻቸው። ጽሑፉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሚተቹት ሥራ ምን እንደሆነ ላላወቀ ሰው ባጭሩ ልንገር። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምሥራቅ እስያ ጥናት ማዕከሎች አሉ። የቻይናን፣ የጃፓንንና የኮሪያን ቋንቋ፣ ታሪክና ጥበብ ያስተምራሉ። ግን በግቢያቸው ውስጥ ብቻ አይደለም። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ላይብረሪ፣ ወደ ሰፈር አዳራሽ ይዘውት ይወጣሉ፤ መምህራንንም ያሠለጥናሉ። አገር ቤት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚሉት ዓይነት ነው።

ጸሐፊው በዚህ ላይ አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሥራው የመንግሥታት ገጽታ ግንባታ ነው። ሁለተኛ፣ ጥልቀት የለውም፤ ወረቀት ማጠፍና ኪሞኖ የሚባለውን የጃፓን ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት ነው። ሦስተኛ፣ የሚያስተምሩት ሰዎች የባህሉ ባለቤቶች አይደሉም። አራተኛ፣ እኛን አይመለከተንም፤ ልጆቻችን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የሰው ባህል ይሸመድዳሉ። አምስተኛ፣ ገንዘቡ ይባክናል፤ ቢቋረጥ ማንም አይጎዳም።

እኔ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሠልጣኝም ሆኜ፣ ክፍሌ ውስጥ አስተማሪም ሆኜ አልፌያለሁ። ስለዚህ ዝም ብል ደስ አይለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እዚያ ላይ ግማሽ እውነት አላቸውና።

«ጥልቀት የለውም» ይላሉ። እኔም እንዲህ ያለ ቀን አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ትምህርት ቤት «የእስያ ቀን» ተባለና ልጆቹ የቻይና ፋኖስ ሰቀሉ፣ ኪሞኖ የሚመስል የፖሊስተር ልብስ ለበሱ፣ ከምግብ ቤት የመጣ ሩዝ በሉ። በቃ፣ ያው ነው። ወላጆቿ ከቻይና የመጡ አንዲት ተማሪዬ ጠጋ ብላ «ከዚህ ውስጥ የእኔ የቱ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የትኛው ዕቃ ከየት አገር እንደመጣ እኔም አላውቅም ነበር። ጸሐፊው የሚተቹት እንዲህ ያለውን ቀን ከሆነ አብሬያቸው እቆማለሁ።

ግን ያንን ቀን ያዘጋጀው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። እኛው መምህራን ነን፣ ከኢንተርኔት ላይ ለቃቅመን። ዩኒቨርሲቲው የሚገባው ይህንን ጉድለታችንን ሊሞላ ነው። ስለ እስያ የሚያስተምሩ መምህራንን የሚያሠለጥን አገር አቀፍ ጥምረት በ1998 ተጀምሯል። ገንዘቡን የሚሰጠው ፍሪማን ፋውንዴሽን ነው፤ በእኛ አካባቢ ሥልጠናውን ከሚመሩት አንዱ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያች ልጅ ጥያቄ በኋላ ተመዘገብኩ። ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ውለን፣ ማታ ደክሞን እየሄድን፣ እንደገና ተማሪ ሆንን። አነበብን፣ ተከራከርን፣ የትምህርት ዕቅዳችንን ይዘን ሄደን ሌሎች መምህራን ፊት አስገመገምን። ከዚያ በኋላ «የእስያ ቀን» የሚባል ነገር ክፍሌ ውስጥ የለም። እስያ የምትባል አንዲት አገር እንደሌለች ገብቶኛል።

አሁን ወደ ወረቀት ወፏ ልምጣ። ጸሐፊው እንደ መጫወቻ ነው ያዩዋት። እኔ ክፍል ውስጥ ይህችን ወፍ ስናጥፍ ስለማን እንደምንነጋገር ልንገራችሁ። ሳዳኮ ሳሳኪ የምትባል ልጅ ነበረች። ነሐሴ 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። አደገች፣ ሯጭ ሆነች፣ ከዚያ የደም ካንሰር ያዛት። ሆስፒታል ተኝታ የወረቀት ወፎች ታጥፍ ነበር፤ ሺህ ወፍ ያጠፈ ሰው ምኞቱ ይሞላል የሚል የቆየ እምነት ስላለ። በ1955 በ12 ዓመቷ ሞተች። የክፍል ጓደኞቿ ዝም አላሉም፤ ገንዘብ ይሰበሰብ ብለው ተነሱ፣ የጃፓን ልጆችም አዋጡ፣ በ1958 ሂሮሺማ ላይ ሐውልት ቆመ።

ይህ ሩቅ አገር የሆነ ታሪክ ይመስላል። አይደለም። እዚሁ ሲያትል፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ዩኒቨርሲቲ ብሪጅ ሥር ትንሽዬ መናፈሻ አለች፤ ፒስ ፓርክ ትባላለች። እዚያ የሳዳኮ ሐውልት በ1990 ቆሞ ነበር። መናፈሻዋን ያሠሩት ፍሎይድ ሽሞ የሚባሉ ሰው ናቸው። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት አስተማሪ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሂሮሺማ ድረስ ሄደው ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች በእጃቸው ቤት ሠርተዋል። በ2024 ሐምሌ ወር ሐውልቷን ሌቦች ከቁርጭምጭሚቷ ቆርጠው ወሰዷት። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዱ ልጅ «ለምን ልጅ ይሰርቃሉ?» አለኝ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ይመጣል፦ «ቦምቡን ማን ሠራው?» ናጋሳኪ በምትባል ሌላ የጃፓን ከተማ ላይ የወደቀው ቦምብ ፕሉቶኒየም፣ የሚፈነዳው ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ የተመረተው ሃንፎርድ ነው። ሃንፎርድ እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነው፤ ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በክረምት ከወላጆቻቸው ጋር በዚያ በኩል ያልፋሉ። እንግዲህ ከአንዲት የታጠፈች ወረቀት ተነስተን እዚህ ደረስን። ይህን ጥልቀት የለውም ካልን ጥልቀት ምን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀት ማጠፍ መግቢያ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በሌላ በኩል አይገባልህም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው።

«ገጽታ ግንባታ ነው። መንግሥታት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ያጨበጭባል» ይላሉ። ማስረጃቸው የቻይና መንግሥት በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያስከፈታቸው የቋንቋና የባህል ማስተማሪያዎች፣ የኮንፊሽየስ ተቋማት፣ ናቸው። ማስረጃው እውነት ነው፣ አልክድም። የመጀመሪያው በ2004 ሴኡል ውስጥ ተከፈተ፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሱ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ መቶ ደርሰው ነበር። መምህራንና መጻሕፍት የሚላኩት ከቤጂንግ ነበር። ስለ ቲያናንመን ወይም ስለ ቲቤት ለመጠየቅ እንደሚከብድ ብዙ ምሁራን ተናግረዋል። በ2014 የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ዩኒቨርሲቲዎች ውሉን እንዲያቋርጡ ወይም እንደገና እንዲደራደሩ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ዘጋ። ኋላም የአሜሪካ ምክር ቤት የመከላከያ ገንዘብ ላይ ገደብ ሲጥል አብዛኞቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ስህተቱ ከዚህ በኋላ ነው። የኮንፊሽየስ ተቋምንና የምሥራቅ እስያ ጥናት ማዕከልን አንድ አድርገው ቆጠሩ። ለአንዱ መምህሩንና መጽሐፉን የውጭ መንግሥት ይመርጥለታል። ሌላውን የሚመሩት የዩኒቨርሲቲው የራሱ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ምን እንደሚያስተምሩ ማንም አይነግራቸውም። እሺ፣ የጃፓን ፋውንዴሽን አለ፣ ከ1972 ጀምሮ፤ የኮሪያ ፋውንዴሽን አለ፣ ከ1991 ጀምሮ፤ ሁለቱም ከመንግሥታቸው የመጡ ናቸው፤ ለዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘብ ይሰጣሉ። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ታዲያ መጠየቅ ያለበት ማን ከፈለ የሚለው ብቻ ነው? ከተከፈለ በኋላ ክፍል ውስጥ ምን ተባለ የሚለውስ?

ምን እንደተባለ አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ እኔ ራሴ በጣም የወደድኩት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ካሚሺባይ የሚባል የጃፓን ጥበብ አለ። የወረቀት ቴአትር ማለት ነው። በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ክፉ ዘመን፣ ሥራ ፈት የሆኑ ሰዎች ብስክሌት ላይ ትንሽዬ የእንጨት ሳጥን ይጭናሉ። ሰፈር መሐል ይቆሙና ሁለት እንጨት ቋ ቋ ያደርጋሉ። ልጆች ይሰበሰባሉ። ሰውዬው ከረሜላ ይሸጣል፤ የገዛ ልጅ ፊት ይቀመጣል፣ ያልገዛ ከኋላ ቆሞ ያያል። ከዚያ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ እየሳበ ታሪክ ይተርካል። ልክ ልብ ሲሰቀል ያቆምና «ቀሪው ነገ!» ይላል። ልጆቹ በማግስቱ ሳንቲም ይዘው ይመጣሉ። አያቶቻችን እሳት ዳር ተረት ሲነግሩን ጣፋጩ ቦታ ላይ ሲደርሱ «እንግዲህ ተኙ» እንደሚሉት።

አንድ ማዕከል የካሚሺባይ ሳጥን ለመምህራን ያውሳል፤ እኔም ተውሼ ክፍሌ ወሰድኩት። ልጆቹ አበዱ። የራሳቸውን ታሪክ ሥለው ተረኩ። እስካሁን ጸሐፊው የሚሉት «ጨዋታ» ነው። ግን ሥልጠናው ላይ ያስተማሩን ሌላም ነገር አለ። ጦርነቱ ሲመጣ የጃፓን መንግሥት ይህን ሳጥን ወሰደው። ለአገር መሞት ክብር ነው፣ ጠላትን ጥላ፣ ገንዘብህን ቆጥብና ለጦርነቱ ስጥ የሚሉ ሥዕሎች ተሠሩ። ልጆች የሚወዱት ያው ድምፅ፣ ያው እንጨት፣ ያው ሳጥን ነበር፤ ይዘቱ ብቻ ተለወጠ። ስታንፎርድ ያለው የሁቨር ተቋም እንዲህ ያሉ የጦርነት ዘመን ካርዶች አሉት፤ ሥዕሎቹን አይተናቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አገሪቱን የያዙት አሜሪካኖች ካሚሺባዩን ሳንሱር አደረጉት። ኋላ በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን መጣና መንገድ ላይ የነበረውን ገበያውን ገደለው፤ ሰዉ ቴሌቪዥኑን «የኤሌክትሪክ ካሚሺባይ» ይለው ነበር።

አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ። የጃፓንን መንግሥት ገጽታ ሊገነባ የመጣ ሰው ይህን ያስተምራል? የገዛ መንግሥቱ ሕፃናትን በተረት እንዴት እንዳታለለ? ለተማሪዎቼ ያንን ካርድ ሳሳያቸው አንዷ ልጅ «ቲክቶክም እንደዚህ ሊሆን ይችላል» አለች። አሥር ዓመቷ ነው። እንግዲህ ፕሮፓጋንዳ የሚባለውን ነገር መለየት የተማረችው ጸሐፊው ፕሮፓጋንዳ ነው ካሉት ትምህርት ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። «ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ምን አገባው? ነጭ ሴትዮ የጃፓን ሻይ ስታፈላ ማየት ያሳፍራል» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። የእኛን ቡና ሥነ ሥርዓት ሌላ ሰው ረከቦቱን ገልብጦ ሲያሳይ ባይ እኔም ይከነክነኛል። ነገር ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? በሲያትል የጃፓን የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያለው ሻይ ቤት በ1973 ተቃጠለ። በ1981 እንደገና ሲሠራ ካገዙት አንዱ ኡራሴንኬ ነው፣ ኪዮቶ ያለው ትልቁ የሻይ ትምህርት ቤት። ለቤቱ ስም ያወጡለት የትምህርት ቤቱ 15ኛ መሪ ናቸው። ዘራችሁን አሳዩ አላሉም። ለዓመታት ተንበርክኮ የተማረ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እዚያ ለእንግዳ ሻይ ያቀርባል። ሊጠየቅ የሚገባው ሴትየዋ ከማን ተማረች፣ ስንት ዓመት ተማረች፣ መምህሯን ትጠራለች ወይ የሚለው ነው። የእኛ ቅኔ ቤትስ ከዚህ ውጭ ምን ይጠይቃል? ከየትኛው መምህር ቅኔ ተማርክ ነው የሚባለው።

አራተኛው ነጥብ ግን ልቤን ነክቶታል። «እኛን አይመለከተንም።»

ሬኒየር ቢች በሚባለው የሲያትል ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ኩቦታ ጋርደን የሚባለውን የአትክልት ስፍራ ያውቃል። ከኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሕንፃ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ሙሽሮቻችን እዚያ ድልድይ ላይ ፎቶ ሲነሱ አይቻለሁ፤ እኔም ልጄን ክርስትና ያስነሳሁ ቀን ከቤተሰቡ ጋር እዚያ ሄደን ተነስተናል። ማን እንደሠራው ግን ለብዙ ዓመት አላውቅም ነበር። ፉጂታሮ ኩቦታ የሚባሉ ጃፓናዊ ስደተኛ ናቸው። በ1927 ረግረግ መሬት ገዝተው በእጃቸው አለሙት። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ ጃፓናውያንና የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። የኩቦታ ቤተሰብም አይዳሆ ውስጥ ሚኒዶካ ወደሚባለው ካምፕ ተወሰደ። አትክልቱ አራት ዓመት ያህል ሰው አጥቶ አረም ዋጠው። ተመልሰው እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ዛሬ ሙሽራችን የሚቆምባት ድልድይ ያለችው እዚያ መሬት ላይ ነው።

ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከ400 በላይ ተማሪዎች በዘራቸው ምክንያት ትምህርታቸውን ጥለው ሄደዋል። አንዱ ጎርደን ሂራባያሺ ይባላል። እንደ ሌላው ተማሪ ማታ ላይብረሪ ሲያጠና፣ የጃፓን ዝርያ ባላቸው ላይ የተጣለው ሰዓት እላፊ ሲደርስ ጓደኞቹ «ሂድ፣ ጊዜው ደርሷል» ይሉታል፤ ይነሳል። አንድ ቀን ግን እነሱ ቁጭ ብለው እኔ የምሄደው ለምንድን ነው ብሎ አሰበ። አልሄድም አለ፤ ወደ ካምፕ ለመግባትም አልመዘገብም አለ፤ ራሱ ሄዶ ለኤፍቢአይ እጁን ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ፈረደበት። ፍርዱ የተሻረው በ1987 ነው። ዩኒቨርሲቲውም በ2008 ለእነዚያ ተማሪዎች የክብር ዲግሪ ሰጠ፤ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። እኛ ስደተኞች ነን። ልጆቻችን እዚህ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። ይህ ታሪክ እኛን ካልተመለከተ ማንን ይመለከታል?

ከእኛው ታሪክም ልጨምር። ሥልጠናው ላይ ኮሪያ የተወለደች አንዲት መምህርት ነበረች። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስትሰማ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ቹንቾን በምትባለው ከተማ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛ ቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ አለ፤ ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ጉዞ አይታዋለች። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1951 ፑሳን ደረሰ፤ በተለያየ ዙር ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ዶንግዱቾን ውስጥ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሰብስበው ይንከባከቡ እንደነበርም ያወቅኩት ከእሷ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ ይህን ከኮሪያዊት ሰማሁት! ከዚያ በፊትም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው ነበር፤ ተመልሰውም ስለ አገሪቱ መጽሐፍ ጽፈዋል። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችን ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። እነዚያ ሰዎች የእስያ ነገር አይመለከተንም አላሉም።

«ልጆቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ» ለሚለው ደግሞ ቤቴ የሆነውን ልንገር። ልጄ ሰፈራችን ላይብረሪ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀው የብሩሽ ጽሕፈት ትምህርት ገባች። ቀለሙ ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ተለውሶ እንደ ቁራጭ ሳሙና የደረቀ ነው። ድንጋይ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ ይደረግና በቀስታ ይታሻል። መምህሯ «አትቸኩሉ፣ ሳታሹ አትጽፉም» ትላቸው ነበር። እጇን በጥላሸት ለውሳ መጣችና ማታ ደብረ ማርቆስ ላሉት አባቴ በቪዲዮ አሳየቻቸው። አባባ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቁም ጽሕፈትም ትንሽ ተምረዋል። ሳቁ። «የእኛስ ከምን ይመስልሻል? ከምጣድ ሥር ጥላሸት ነው» አሏት። የተቃጠለ ገብስ እንደሚገባበት፣ ቅጠል እንደሚጨመርበት፣ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ ወራት ሙሉ እየተማሰለ እንደሚቆይ ነገሯት። ብርዑ ከመቃ ተቀርጾ እንደሚወጣ፣ ቀዩ ቀለም ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም እንደሚቀመጥ ነገሯት። አርባ ደቂቃ አወሩ። ከዚያ በፊት ስልክ ስሰጣት «ሃይ አባባ» ብላ ትመልስልኝ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ የሀ ግዕዝን ቤተሰብ እየጻፈች ታሳያቸዋለች፣ እሳቸውም «የሐመሩ ሐ አንገቱ ጎበጠ» እያሉ ያርሟታል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «ፊደል ተማሪ» ብዬ ለምኛት አልሰማችኝም። የሰው ጥላሸት ወደ አያቷ ጥላሸት ወሰዳት።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው። «ቢቋረጥ ማንም አይጎዳም» ይላሉ።

ለእነዚህ ማዕከሎች የፌዴራል ገንዘብ የመጣው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1957 ሶቪየቶች የመጀመሪያውን ሳተላይት፣ ስፑትኒክን፣ ወደ ጠፈር ሰደዱ፤ አሜሪካ ደነገጠች፤ በ1958 አንድ የትምህርት ሕግ ወጣ። የሕጉ 6ኛ ክፍል ብዙ አሜሪካዊ የማያውቃቸውን የዓለም ቋንቋዎችና አካባቢዎች ለሚያስተምሩ ማዕከሎች ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡን የሚወስድ ማዕከል ከግቢው ወጥቶ መምህራንንና ሕዝቡን ማገልገል ነበረበት፤ ግዴታው ነበር። የምሥራቅ እስያ ማዕከሎች ትምህርት ቤት የሚመጡት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በ2025 ብዙ ማዕከሎች ይህን ገንዘብ አጥተዋል።

ጸሐፊው ያላዩት ይህንን ነው፦ ያው የሕግ ክፍል የአፍሪካ ጥናት ማዕከሎችንም ይደግፍ ነበር። በዚያ ገንዘብ አማርኛ የተማሩ ተማሪዎች አሉ። ለቻይንኛና ለኮሪያኛ የሚሰጠው የቋንቋ ስኮላርሺፕ ለአማርኛም ይሰጥ ነበር። ምንጩ አንድ ነው። የጃፓን ሻይ ይቁም ብሎ ያጨበጨበ ሰው፣ ሳያውቀው አማርኛው ላይም አጨብጭቧል። «ይልቅ የእኛ ይሰጥ» ለሚሉትም በሩ ዝግ አይደለም። ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ዩኒቨርሲቲውን ግዕዝ ይሰጥ ብለው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ አንድ ፕሮፌሰር 50,000 ዶላር ሰጡ፤ ዘፋኙ ዘ ዊክኤንድም 50,000 ጨመረ፤ በ2017 ትምህርቱ ተጀመረ። የሌላውን ክፍል አዘግተው አይደለም ያገኙት። እዚህ ሲያትል እኛም እንዲህ ልንጠይቅ እንችላለን። እኔ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ፤ ጸሐፊውም ብዕራቸው ስለት ነውና ደብዳቤውን አብረን ብንጽፈው ደስ ይለኛል። ጽሑፋቸው ላይ ስለ ኮንፊሽየስ ተቋማት ያሉትን ይተዉት፣ እውነት ነው። «ቢቋረጥ ማንም አይጎዳም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን እንዲያወጧት እለምናቸዋለሁ።